ቅጠል እየቆጠሩ ችግኝ ማሳደግ፦ ከዘር እስከ ተከላ

ለመጀመሪያ ጊዜ የቲማቲም ችግኝ ሳፈላ ከዘራሁት 60 ዘር ውስጥ ለተከላ የደረሱልኝ 4 ብቻ ነበሩ። ድርቅ አልመታቸውም፤ ተባይም አልነካቸውም። ጠዋት አጠጣኋቸው፣ ማታ አጠጣኋቸው፣ በመሃልም «ጠምቷቸው ይሆን?» እያልኩ ጨመርኩላቸው። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግሁ ቢሆንም ችግኝንም ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም። በ9ኛው ቀን ጠዋት ስመለከት ግማሾቹ አፈሩን በሚነኩበት ቦታ ላይ ክር አክለው ቀጥነው፣ እንደ ታጨደ ሣር ተጋድመዋል። ቅጠላቸው ግን ገና አረንጓዴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አፍልቻለሁ። ችግኝ የሚፈልገው ነገር በየደረጃው ይለዋወጣል፤ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ የሚናገረውም ራሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያገኟቸውን የቀን ቁጥሮች በግምት ይውሰዷቸው፤ የቅጠሉን ቁጥር ግን ጠበቅ አድርገው ይያዙ።

ዘሩ ከነስንቁ

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቦሎቄ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩና ጠዋት ቅርፊቱን ገፈው ለሁለት ይክፈሉት። በሁለቱ ክኮች መካከል፣ ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ፣ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ነገር ተጣብቆ ያገኛሉ። ጠጋ ብለው ቢያዩት አንደኛው ጫፉ ሥር ነው፤ በሌላኛው ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠሎች ተጣጥፈው ተኝተዋል። ተክሉ ይኸው ነው። የቀረው፣ ማለትም የዘሩ አብዛኛው ክፍል፣ ስንቅ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ገና ላልበቀለ ዘር ማዳበሪያ አይጨምርም፤ መንገደኛው ከነስንቁ ነው የወጣው።

ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት ይበቁታል። ውሃ ሲገባው ያብጣል፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ ጀምረው የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ሽሉም፣ ማለትም ያ ትንሹ ተክል፣ በዚያ ጉልበት ያድጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዘሩ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ይወስዳል። ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር የሚበሰብሰው ስለሚታፈን ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው። እርጥብ ጨርቅ ላይ ያኖሩትን ቦሎቄ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ገልጠው ቢያዩ ነጭ ሥር ወደ ታች ሲወርድ ያገኙታል። ዘሩን ቢገለብጡት በማግስቱ ሥሩ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ዞሮ ይጠብቅዎታል። ከሥሩ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነጭ ጸጉር ይከብበዋል። ይህን ሻጋታ መስሏቸው ጤነኛ ዘር የሚጥሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሻጋታ ዘሩንም ጨርቁንም ሳይለይ ይወርራል፤ የሥር ጸጉር ግን ሥሩ ላይ ብቻ፣ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ይበቅላል። ውሃና ማዕድን በአብዛኛው የሚገቡት በዚህ ጸጉር በኩል ነው። ችግኝ ሲዛወር መጠውለጉም በዋነኛነት ይህ ጸጉር ተበጥሶ አፈሩ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ኋላ ስለ ማዛወር ስናነሣ ይህን ያስታውሱ።

ቀጥሎ ግንዱ ይነሣል። የቦሎቄ ግንድ በጫፉ አፈሩን አይወጋም፤ እንደ መንጠቆ ጎብጦ በጀርባው እየገፋ ለስላሳውን ጫፍ ከኋላው ይጎትታል፤ ብርሃን ሲያገኝ ይቃናል። የሽንኩርት ቡቃያ ደግሞ እንደ ጉልበት ታጥፎ ብቅ ይላል፤ ጫፉ ለቀናት አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ልርዳው ብሎ በጣቱ የሚጎትተው ሰው ይበጥሰዋል። ቦሎቄ ክኮቹን ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል፤ አተርና ባቄላ ግን ክካቸውን እዚያው አፈር ውስጥ ትተው ቡቃያውን ብቻ ይልካሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የአተር ቡቃያ በወፍ ቢቀነጠስ ከታች ሌላ ሊያወጣ ይችላል፤ ቦሎቄ ከክኮቹ በታች ከተቆረጠ ግን አበቃለት።

ዘሩን ይፈትኑ

ጊዜዎንና አፈርዎን ከማባከንዎ በፊት 20 ዘር ቆጥረው በረጠበ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ይደርድሩ፤ ጠቅልለው እንዳይደርቅ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። 16ቱ ከበቀሉ 80 በመቶ ነው፤ በሙሉ ልብ ይዝሩ። 10 ብቻ ከሆኑ እጥፍ ይዝሩ። ከ5 በታች ከሆኑ ሌላ ዘር ይፈልጉ።

ዘር ብዙ ሊታገሥ ይችላል። በእስራኤል ከሚገኘው ጥንታዊ ምሽግ ከማሳዳ ፍርስራሽ የተገኘና 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቴምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በቅሎ ዛፍ ሆኗል። ሽንኩርት ግን ቴምር አይደለም፤ ዘሩ ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ ጉልበቱን በፍጥነት ያጣል። ቲማቲምና ጎመን በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ በደንብ ከተቀመጡ አራት ዓመት ያህል ይቆያሉ።

እንደ ግራር ያሉ የዛፍ ዘሮች ቅርፊታቸው ድንጋይ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፤ ዘሩን ይጨምሩበትና እዚያው እየቀዘቀዘ ለ24 ሰዓት ይዘፍዝፉት። እሳት ላይ እያለ አይጨምሩት፤ ይቀቀላል። በማግስቱ ያበጡት ለመዘራት ዝግጁ ናቸው፤ ያላበጡትን መልሰው ይዘፍዝፉ።

አፈሩ

ከጓሮ የተዛቀ አፈር ብቻውን ለችግኝ አይሆንም። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይጠብቃል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይሆናል። የተለመደው ድብልቅ 3 እጅ ለም አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። አፈሩ ሸክላማ ከሆነ አሸዋውን ይጨምሩ። በወንፊት ይንፉት። ብስባሹ በእርግጥ የበሰለ መሆን አለበት፤ ሲያሸቱት የዝናብ ጊዜ አፈር እንጂ የሽንት ወይም የፍግ ሽታ ካለው ገና ነው፤ ለጋውን ሥር ያቃጥላል።

ድብልቁን አርጥበው በእጅዎ ይጭበጡት። ውሃ ጠብ ጠብ ካለ በዝቷል፤ እጅዎን ሲከፍቱ ወዲያው ከተበተነ አንሷል። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ነካ ሲያደርጉት ከፈረሰ ልክ ነው።

ቀደም ሲል ችግኝ የሞተበትን አፈር ደግመው አይጠቀሙ። ግዴታ ከሆነ እርጥቡን አፈር በደንብ ሸፍነው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ወይም በጠራራ ፀሐይ ወራት አርጥበው በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍነው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይተዉት። አሮጌ ትሪና ቆርቆሮ በ1 እጅ በረኪናና በ9 እጅ ውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። የሚጠቀሙበት ዕቃ ምንም ይሁን ምን ከታች ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ይህን ደጋግሞ መናገር ያሳፍራል፤ ግን ቀዳዳ የሌለው ቆንጆ ዕቃ ውስጥ የሰጠመ ችግኝ ማየት አሁንም አልቀረም።

በመደብ ላይ የሚያፈሉ ከሆነ የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ከሁለቱም ጎን እጅዎ መሃሉ ድረስ ሊደርስ ይገባል። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ትርፍ ውሃ ይወርዳል።

መዝራት

ጥልቀቱ የዘሩን ውፍረት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። ሰላጣ ለመብቀል ብርሃን ስለሚረዳው ከላይ በትኖ ጫን ጫን ማድረግ ወይም አፈር እንደ ዱቄት ነፋ ማድረግ ይሻላል። ጥልቅ የተቀበረ ትንሽ ዘር ስንቁን መንገድ ላይ ጨርሶ ብርሃን ሳያይ ይቀራል።

በመደብ ላይ መስመሮቹን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አራርቀው ይዝሩ። መበተን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ኋላ አረሙን ከችግኙ መለየት፣ ማሳሳትም ሆነ መኮትኮት ፈተና ይሆናል። ከተዘራ በኋላ አፈሩን በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ዘርና አፈር ካልተነካኩ ውሃ አይተላለፍም። ከዚያ ወንፊት ባለው ማጠጫ አርከፍክፈው በደረቅ ሣር ስስ አድርገው ይሸፍኑ።

አሁን ሙቀት ነው ወሳኙ። ቲማቲም ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ባለው የአፈር ሙቀት ከ6 እስከ 10 ቀን ይበቅላል። ቃሪያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ ያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ተስፋ ቆርጠው አይቆፍሩት። ጎመን ብዙም አያስቸግርም። ሰላጣ በተቃራኒው ሙቀት ሲበዛበት ተኝቶ ይቀራል፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይመቸዋል።

ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ሣሩን ገለጥ እያደረጉ በየቀኑ ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መንጠቆዎች ብቅ ባሉበት ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ሣሩን ያንሡ። «ሁሉም እስኪወጡ ልጠብቅ» ካሉ ቀድመው የወጡት ብርሃን ፍለጋ ቀጥነው ይበላሹብዎታል። ፀሐዩ ከበረታ ከመደቡ በላይ 1 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ዳስ ይሥሩና የሣሩን ክዳን በየጥቂት ቀኑ እያሳሱት ይሂዱ።

ሁለቱ የዘር ቅጠሎች ሲዘረጉ፦ ብርሃን

መጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ ቅጠሎች እውነተኛ ቅጠል አይደሉም። ከዘሩ ጋር የመጡ ናቸው፤ ቅርጻቸውም ከአዋቂው ተክል ቅጠል ጋር አይመሳሰልም። የቲማቲም የዘር ቅጠል ለስላሳና ሹል ነው፤ እውነተኛው ግን የተሸነሸነ ነው። በዚህ ደረጃ ስንቁ ማለቅ ጀምሯል፤ ችግኙም ከብርሃን ራሱን መመገብ ሊጀምር ነው።

ብርሃን ያነሰው ችግኝ ያሳሳታል፤ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚረዝም ባለቤቱን ያስደስተዋል። ግንዱ መለል ይላል፣ ይገረጣል፣ ወደ መስኮቱ ይዘማል። ይህ እድገት ሳይሆን ፍለጋ ነው፤ አፈር ውስጥ ያለ ያህል ጉልበቱን ሁሉ በርዝመት ላይ እያፈሰሰ ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተሙት ጥናት የሣር ቡቃያ ጫፉ በትንሽ ቆብ ሲሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፉን እንደሚያቆም አሳይተዋል፤ ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ ነው፣ የሚታጠፈው ግን ከታች ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በጥላው በኩል ኦክሲን ይበዛል፤ ያ ጎን ይረዝማል፤ ችግኙም ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል።

በመስኮት አጠገብ የሚያሳድጉ ከሆነ ትሪውን በየቀኑ ያዙሩት፤ ከኋላው ነጭ ወረቀት ወይም ካርቶን ቢያቆሙ ብርሃኑ ይመለስለታል። በመብራት የሚያሳድጉ ከሆነ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩ፤ ሌሊት ያሳርፉት። የፍሎረሰንት መብራት ከችግኙ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይራቅ፤ ከፍ ብሎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መብራት ለዓይን እንጂ ለቅጠል አይበቃም። ጠንካራ የኤልኢዲ መብራት ከሆነ ግን ራቅ ያድርጉትና ቅጠሉ እንዳይነጣ ይከታተሉ።

ከበቀለ በኋላ ሙቀቱን ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ሞቅ ያለ ጨለማ ችግኝን የሚያቀጥን ነገር ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ የእጅዎን መዳፍ በችግኞቹ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ ወይም ለስለስ ያለ ነፋስ እንዲያገኛቸው ያድርጉ። የተነቀነቀ ግንድ አጠር ወፈር ይላል። መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹን ትሪ እየነካሁ ግማሹን ትቼ ከሞከርኩት በኋላ ግን መሳቄን ተውኩ።

ውሃ

ወደ 60ዎቹ ቲማቲሞቼ እንመለስ። የገደላቸው አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስና መሰሎቹ ናቸው፤ የጋበዝኳቸው ግን እኔ ነኝ። ዘወትር እርጥብ የሆነ የአፈር ገጽ፣ የተጨናነቀ ችግኝና የማይንቀሳቀስ አየር ሲገናኙ ግንዱ ከአፈሩ መጋጠሚያ ላይ ውሃ የቋጠረ መስሎ ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ ይወድቃል። የወደቀው አይነሣም። ከነአፈሩ አንሥተው ያስወግዱት፤ የቀሩትን ማጠጣት ያቁሙ፤ አየር እንዲያገኙ ያድርጉ። ከሞት የሚተርፉት በዚያ ሰዓት እጅዎን የሰበሰቡላቸው ናቸው።

መቼ እንደሚያጠጡ የሚነግርዎ ሦስት ነገር አለ። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት። የአፈሩን ቀለም ይዩ፤ ሲደርቅ ይነጣል። ከሁሉ የምወደው ግን ክብደቱ ነው፦ ትሪውን አጠጥተው ሲጨርሱ አንሥተው ይመዝኑት፤ ሊደርቅ ሲልም ያንሡት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እጅዎ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ያውቃል።

ሲያጠጡ በጥቂቱ በየሰዓቱ ሳይሆን አንድ ጊዜ በደንብ፣ ከዚያም ገጹ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ላዩን ብቻ የሚረጥብ አፈር ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ዝቅ ብሎ እርጥበት ያለው አፈር ግን ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ለትሪ የሚሻለው ከታች ማጠጣት ነው፦ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሰፊ ዕቃ ይሙሉና ትሪውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡበት፤ የላዩ አፈር ጠቆር ሲል አውጥተው ያንጠፍጥፉት። በመደብ ላይ ከሆነ ጠዋት ማጠጣት ይመረጣል፤ ቅጠሉ ሳይመሽ ይደርቃል።

አንድ ወጥመድ አለ። የጠማውም የሰጠመውም ችግኝ እኩል ይጠወልጋል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ስለዚህ የጠወለገ ባዩ ቁጥር ማጠጫውን ከማንሣትዎ በፊት አፈሩን ይንኩ። እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ አመሻሽ ላይ ከተነሣ ደግሞ ሙቀት ነው፤ ጥላ ይበቃዋል።

አንድ እውነተኛ ቅጠል፦ ማሳሳትና ማዛወር

የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል እንደታየ ያሳሱ። በትሪው በየጎድጓዳው አንዱን፣ በመስመሩ ላይ በየ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሩ አንዱን ይተዉ። የሚወገደውን አይንቀሉት፤ ሥሩ ከጎረቤቱ ሥር ጋር ተጠላልፏልና በመቀስ ከአፈሩ ላይ ይቁረጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንጀቱ አይችልም። ሁለቱንም ለማዳን ሲል ሁለት ደካማ ያሳድጋል።

ብዙ ዘር በአንድ ዕቃ ዘርተው ከሆነ ወደየግል ዕቃቸው የሚዛወሩት አንድ ወይም ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ነው። ከማዛወርዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ያጠጧቸው። በማንኪያ እጀታ ወይም በተሳለ እንጨት ከሥር ገባ ብለው ከነአፈሩ ያንሡ። ችግኙን በዘር ቅጠሉ ይያዙት፤ ግንዱን በፍጹም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል፤ የተጨመቀ ግንድ ግን ምትክ የለውም። አዲሱ ጉድጓድ አስቀድሞ ተምሶ ይጠብቅ፤ ያ ነጭ ጸጉር አየር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል።

ቲማቲምን እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ዝቅ አድርገው ቢተክሉት የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል፤ መለል ያለውን ለማዳንም ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ፓፓያና ሰላጣ ላይ ግን አይሞክሩት፤ በነበሩበት ጥልቀት ይተከሉ፣ አለዚያ አንገታቸው ይበሰብሳል። ካሮት ከነጭራሹ አይዛወርም፤ ሥሩ ሹካ ይሆናል። ዱባና ኪያር ሥራቸው ሲነካ ስለሚያኮርፉ ከመጀመሪያው በየግል ዕቃቸው ይዘሩ።

ሁለት እውነተኛ ቅጠል፦ መመገብ፣ ምልክት ማንበብ

ስንቁ አሁን አልቋል። የዘር ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ፤ አይደንግጡ። ማዳበሪያ የሚጀመረው እዚህ ነው፤ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ወይም ግማሹን በውሃ አቅጥነው በየ7 ወይም በየ10 ቀኑ ይስጡ። አፈሩ ብስባሽ ከጠገበ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

ያን ያህል ጥቂት የሚበቃበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1648 በታተመ ጽሑፉ ላይ ቫን ሄልሞንት የተባለው ሐኪም 90 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ አፈር በገንዳ አድርጎ አንዲት የአኻያ ችግኝ ለ5 ዓመት እንዳሳደገ ይተርካል። ዛፏ ከ2 ኪሎ ግራም ተነሥታ ወደ 77 ኪሎ ግራም ደረሰች፤ ከአፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም እንኳ አልሞላም። እሱ ሁሉንም ለውሃ ሰጠ፤ ዛሬ የተክሉ ደረቅ አካል በአብዛኛው ከአየር ከተወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሠራቱ ይታወቃል። ከአፈር የሚመጣው ጥቂት ቢሆንም ያለሱ ምንም አይሠራም።

ሲጎድል ቅጠሉ ይናገራል። የታችኛው ቅጠል ከቀሪው ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታል። የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ከመሰለ ፎስፈረስ አጥሮታል፤ ብዙ ጊዜ ግን አፈሩ ስለቀዘቀዘ ሥሩ መውሰድ አቅቶት ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ራሱ ይለቀዋል። አዲሱ ቅጠል ነጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ከደረቀ ግን የሰጡት በዝቷል፤ በንጹሕ ውሃ አፈሩን ያጥቡለት።

ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ልማድ ይሁንዎ። ክሽክሽ የተባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ በቅጠሉ ጀርባና በጫፉ ላይ ይጠራቀማል፤ ጥቂት ከሆነ በጣት ይጨፍልቁት ወይም በውሃ ያጥቡት። ነጭ ዝንብ ሲነኩት ብን ይላል፤ ቢጫ ቀለም ያለው የሚያጣብቅ ወረቀት ይይዘዋል። ሌሊት ግንዱን ከሥር ቀርጥፎ የሚጥለው ቆራጭ ትል ነው፤ ጠዋት ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን ጫር ቢያደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኙታል።

ከተከላ በፊት ያለው ሳምንት

በጥላና በለስላሳ አየር ያደገ ችግኝ ቆዳው ስስ ነው። በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ቅጠሉ በነጭ ጠባሳ ይሞላል። ከ7 እስከ 10 ቀን ያላምዱት፦ መጀመሪያ ቀን ጥላ ያለበት ደጅ ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ እያስረዘሙ፣ ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ፣ በመጨረሻ ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን። መደብ ላይ ያለ ከሆነ ዳሱን እያሳሱ ጨርሰው ያንሡት። በዚህ ሳምንት ማዳበሪያ ያቁሙ፤ ውሃውንም ያራርቁ፤ እስኪጠወልግ ግን አያድርሱት። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ ሲነኩት ጠንከር ካለ ደርሷል።

መትከል

ቲማቲም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ከ4 እስከ 6 እውነተኛ ቅጠል ይዞ ይደርሳል፤ ጎመን በ4 ወይም 5 ሳምንት ከ4 እስከ 5 ቅጠል፣ ሽንኩርት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ግንዱ እርሳስ ሲያህል። ሳምንቱ ደርሶ ቅጠሉ ካልደረሰ ይጠብቁ። ቅጠሉ ቀድሞ ከደረሰ አያዘግዩ፤ በጠባብ ዕቃ ውስጥ የዘገየ ችግኝ ሥሩ ተጠምጥሞ አበባ ለማውጣት ይቸኩላል።

አመሻሽ ወይም ደመናማ ቀን ይምረጡ። ከጥቂት ሰዓት በፊት አጠጥተው ከነአፈሩ ያውጡት፤ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጠው አፈሩን ዙሪያውን በጣት ጠቅ ጠቅ ያድርጉና ወዲያው ያጠጡ። ቆራጭ ትል ባለበት ቦታ በግንዱ ዙሪያ የወረቀት ቀለበት ይትከሉ፤ 3 ሴንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ፣ 5 ሴንቲ ሜትሩ ከላይ። ከ3 እስከ 5 ቀን ጥላ ያድርጉለት።

ለዛፍ ችግኝ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ፕላስቲኩን ጨርሰው ያውልቁ። «ሥሩ ራሱ ይበሳዋል» የሚል ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነፋስ የጣለውን ዛፍ ሥር ይመልከት፤ ልክ እንደ ገመድ ጥቅልል የፕላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ያገኘዋል። በማፊያው ውስጥ እያለም ከፕላስቲኩ ሥር ወጥቶ መሬት የያዘውን ሥር በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይግረዙ፤ በመትከያው ቀንም የታችኛውን 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር የተጠማዘዘ ሥር በስለት ይቁረጡ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል ይሁን።

መያዙን የሚያውቁት ጠዋት ማልደው ሲያዩት ነው። ጤዛ ሳይኖር በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ተራ በተራ የተደረደሩ የውሃ ጠብታዎች ካገኙ ሥሩ መሳብ ጀምሯል፤ ሌሊቱን የገፋው ውሃ ነው በቅጠሉ ጫፍ የወጣው። ከዚያ አዲስ ቅጠል ይከተላል፤ ያኔ ውሃውን ያራርቁ።

ከ100 ችግኝ 10 ያህሉን ለመተኪያ ያስቀሩ። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ የሞተውን ይተኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው በጎረቤቶቹ ጥላ ሥር ስለሚቀር ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል።